ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሻምፒዮን፦ የኦሃዮ ስቴት የ2024 የውድድር ዘመን ሲብራራ

የአውሮፓ ሊጎችን የለመደ ተመልካች የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል ሲከታተል የጨዋታው ሕግ ብዙም አያስቸግረውም፤ በሁለት ሦስት ቅዳሜ ይለመዳል። የሚከብደው የውድድር ዘመኑ አሠራር ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኖቬምበር 30 ቀን 2024 በገዛ ሜዳው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት፣ በዋና ባላንጣው በሚሺጋን ተሸነፈ። ኮንፈረንሱንም አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ በ51ኛው ቀን የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ግማሹ አዲሱ የጥሎ ማለፍ አሠራር ላይ ነው ያለው። ግማሹ ደግሞ ካሜራ ብዙ የማያሳያቸው፣ ኳሷን ከሚወረውረው ከኳርተርባኩ ፊት የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ሰዎች ዘንድ ነው።

134 ቡድን፣ 12 ጨዋታ

በ2024 በከፍተኛው እርከን የሚጫወቱት የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች 134 ነበሩ። እያንዳንዱ በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 12 ጊዜ ብቻ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊገናኝ ስለማይችል ቡድኖቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ይቧደናሉ። የኦሃዮ ስቴት ኮንፈረንስ ቢግ ቴን ይባላል። ስሙ «አሥር» ይበል እንጂ በዚያ ዓመት ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ተጨምረውበት 18 ደርሷል። አንድ ቡድን ከቀሩት 17 አባላት የሚያገኘው 9ኙን ብቻ ነው። ሦስቱን ጨዋታ ከኮንፈረንሱ ውጪ ራሱ ይዋዋላል፤ ኦሃዮ ስቴት አክረንን 52 ለ 6፣ ዌስተርን ሚሺጋንን 56 ለ 0፣ ማርሻልን 49 ለ 14 አሸነፈ። እንዲህ ያለው ውጤት ስለ ቡድኑ ብዙ አይነግርም። የእነዚህ ጨዋታዎች ዋና ጥቅም ተቀያሪዎችን ማየትና ቋሚዎችን ከጉዳት መጠበቅ ነው።

ስለ ጨዋታው ራሱ ይህችን ያህል ከያዙ ይበቃል። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (አንዱ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል) ወደ ፊት ለመሄድ 4 ሙከራ አለው፤ ከሄደ አዲስ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልሄደ ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን ይዞ መጨረሻው ክልል መግባት ታችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእግር መትቶ 1፣ ወይም ደግሞ ሮጦ አለዚያም ተቀባብሎ 2 ይጨምራል። ከርቀት በእግር ተመትታ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል የምታልፍ ኳስ ፊልድ ጎል ናት፣ 3 ነጥብ። አራት ሩብ፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ሰዓቱ እየቆመ እየተነሳ ስለሚሄድ ጠቅላላው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ለሚከታተል፣ በኦሃዮ ስቴት ከተማ በኮሎምበስ እኩለ ቀን የሚጀምር ጨዋታ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ድረስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል።

ተጫዋቹ ከየት ይመጣል?

አንድ ተማሪ 4 የውድድር ዘመን የሚጫወትበት 5 ዓመት ይሰጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 ጨዋታ ያልበለጠ ከተሰለፈ ያ ዓመት አይቆጠርበትም። አሠልጣኞች አዲስ ልጅን ቀለል ባለ ጨዋታ አስገብተው ከዚያ የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልምምድም ገደብ አለው፦ በውድድር ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት የማይበልጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት።

ከ2021 ወዲህ ሁለት ነገሮች ዓለሙን ለውጠውታል። አንደኛው፣ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያና ከደጋፊዎች ገንዘብ እንዲያገኙ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈቀደ። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት ተቀምጠው ይቀጡ የነበረው ቀረ። በ2024 መጀመሪያ ኦሃዮ ስቴት ይህን በር እስከ ጥግ ከፈተው። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ሯጩ ኩዊንሾን ጃድኪንስ ከሚሲሲፒ፣ የኋላ ተከላካዩ ኬሌብ ዳውንስና መሐል ላይ ሆኖ ኳሷን የሚያስጀምረው ሴት ማክላፍሊን ከአላባማ መጡ። ለቡድኑ ተጫዋቾች በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚደርሳቸው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሱ በይፋ ተናግሯል። ከዚህ እኩል የከበደው ግን የነባሮቹ ውሳኔ ነበር፤ ትሬቪዮን ሄንደርሰን፣ ኤሜካ ኤግቡካ፣ ጃክ ሶየር እና ጓደኞቻቸው ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ መሄድ ሲችሉ አንድ ዓመት ቆዩ። በዚያ ላይ ጄረማያ ስሚዝ የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገባ፤ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ተከላካዮች ብቻቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

ኦሪገን ላይ የጠፉት 4 ሰከንዶች

ኦክቶበር 12 ኦሃዮ ስቴት ወደ ኦሪገን ሄዶ 32 ለ 31 ተሸነፈ። የመጨረሻዋን ቅጽበት ቀረብ ብሎ ማየት ስለ ፉትቦል ሰዓት ብዙ ያስተምራል።

10 ሰከንድ ቀርቷል። ኦሃዮ ስቴት በ1 ነጥብ ስለተመራ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አንድ ፊልድ ጎል ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ስሚዝ ተከላካዩን ገፍቷል ተብሎ የ15 ያርድ ቅጣት ስለደረሰባቸው ከመምቻው ርቀት ወጥተዋል። ኦሪገን ታይም አውት (አጭር ዕረፍት) ወስዶ ሲመለስ በ11 ፈንታ 12 ተከላካይ አሰለፈ። ሃዋርድ ወረወረ፣ ኳሷ ወደቀች። ዳኛው ቢጫውን ጨርቅ ጥሎ 5 ያርድ ቀጣ። በዚያ ጊዜ በነበረው ሕግ ግን ያለፈው ሰዓት አይመለስም፤ 4 ሰከንድ ሄዷል፣ የቀረው 6 ነው። አስቡት፦ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሁለት አጭር ቅብብልና አንድ ምት ይገባል። በ6 ሰከንድ የሚገባው ቢበዛ አንድ ቅብብልና አንድ ምት ነው። ለተከላካዩ 4ቱ ሰከንድ ከ5ቱ ያርድ በእጅጉ ይበልጥበታል፤ ተጨማሪው ሰው ደግሞ ቅብብሉን የማክሸፍ ዕድሉን ያሰፋለታል። ሃዋርድ በመጨረሻ ኳሷን ይዞ 12 ያርድ ያህል ሮጠ፤ ተንሸራትቶ ሲቀመጥ ሰዓቱ ዜሮ ሆኗል።

የኦሪገኑ አሠልጣኝ ዳን ላኒንግ ነገሩ አስቀድሞ የተሠራበት መሆኑን በሚያሳብቅ መንገድ ተናገረ። ሕግ አስከባሪዎቹ በዚያው ሳምንት ትርጓሜውን ለወጡ፦ በእያንዳንዱ አጋማሽ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ውስጥ 12 ተከላካይ ተሰልፎ ጨዋታው ከተካሄደ፣ የተበደለው ቡድን ሰዓቱ ወደነበረበት እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል። በሕጉ ላይ ክፍተት ማግኘት የአሠልጣኝ ሥራ ነው፤ ያን መድፈን ደግሞ የሕግ አውጪው። ሁለቱም የየድርሻቸውን አድርገዋል ብለን እናምናለን።

ሰው ያላየው ጉዳት

ከዚያ ጨዋታ የወጣው ትልቁ ኪሳራ ግን ነጥቡ አልነበረም። ግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ ጉልበቱን ተጎድቶ ዓመቱ አበቃበት።

ከኳርተርባኩ ፊት አምስት ሰዎች ይሰለፋሉ። መሐል ላይ ሴንተሩ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳር ላይ ሁለት ታክሎች። እያንዳንዳቸው ከ300 ፓውንድ በላይ ወይም እዚያው አካባቢ ይመዝናሉ፤ ማለትም ከ136 ኪሎ። ኳስ አይዙም። ሥራቸው ኳርተርባኩ ለመወርወር የሚፈልጋትን ሦስት ሰከንድ ያህል መግዛትና ለሯጩ ቀዳዳ መክፈት ነው። ኳርተርባኩ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ሲወረውር ጀርባው ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ግራ ታክሉ የማያያትን አደጋ የሚጠብቅለት ሰው ነው። ይህ ሰው ሲወድቅ አንድ ተቀያሪ አስገብቶ መቀጠል አይቻልም፤ አምስቱ በአንድ ልብ የሚንቀሳቀሱ ናቸውና አንዱ ሲለወጥ የጎኑም ሥራ ይለወጣል።

በነብራስካ ጨዋታ ላይ ይህ ታየ። ተቀያሪው ግራ ታክልም እዚያው ተጎዳ፤ ኦሃዮ ስቴት በሜዳው 21 ለ 17 እንደምንም አመለጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አሠልጣኞቹ ደፋር ውሳኔ ወሰኑ። ግራ ጋርዱን ዶኖቫን ጃክሰንን ወደ ዳር አውጥተው ታክል አደረጉት፣ በእሱ ቦታ ካርሰን ሂንዝማንን አስገቡ። ከጋርድ ወደ ታክል መውጣት ቀላል አይደለም። ጋርዱ ግራና ቀኙ ሰው ስላለ ጠባብ ቦታ ላይ ይገፋል፤ ታክሉ ግን ሜዳው ክፍት ሆኖ ከአገሪቱ ፈጣን ተከላካዮች ጋር ብቻውን ይፋጠጣል፣ እግሩ ወደ ኋላ እየሸሸ። ጃክሰን በፔን ስቴት ሜዳ የመጀመሪያውን ፈተና አለፈ። ኦሃዮ ስቴት ተጋጣሚውን ከመጨረሻው ክልል 3 ያርድ ላይ አራት ጊዜ አስቁሞ 20 ለ 13 መራ፤ የቀሩትን 5 ደቂቃዎች ኳሷን ሳያስረክብ፣ በሩጫ እያስገፋ ጨረሳቸው። አዲሱ መስመር ይህን መቻሉ ብዙ የሚናገር ነው።

ኖቬምበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሴንተሩ ማክላፍሊን ልምምድ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሂንዝማን ወደ መሐል ገባ፣ ግራ ጋርድ ላይ ሌላ አዲስ ሰው መጣ። ዘመኑን የጀመሩት የግራና የመሐል ሦስት ቦታዎች ሁሉ ባለቤታቸው ተለወጠ ማለት ነው።

ሚሺጋን

ሚሺጋን ወደ ኮሎምበስ የመጣው 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው። ኦሃዮ ስቴት በ20 ነጥብ ገደማ እንደሚያሸንፍ ነበር የተገመተው። ውጤቱ 13 ለ 10 ሆነ፣ ለሚሺጋን። ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት።

ምን ተበላሸ? የሚሺጋን ኃይል በመሐል ያሉት ሁለት ግዙፍ ተከላካዮች፣ ሜሰን ግራሃም እና ኬኔት ግራንት ነበሩ። የኦሃዮ ስቴት መሐል ደግሞ ገና የተጠገነ ነው። እንደዚያም ሆኖ ቡድኑ ደጋግሞ በመሐል ሮጠ፤ 26 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 77 ያርድ ብቻ ነው። እንደ ስሚዝና ኤግቡካ ያሉ ተቀባዮች ዳር ላይ ቆመው እያለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሃዋርድ ሁለት ኳስ ተጠለፈበት፤ አንዷ ኦሃዮ ስቴት የራሱ መጨረሻ አጠገብ እያለ የተወሰደች ስለሆነች ለሚሺጋን ታችዳውን ሆነች። መቺው ጄይደን ፊልዲንግም ከ40 ያርድ በታች የሆኑ ሁለት ፊልድ ጎሎችን ሳተ። ሚሺጋን 45 ሰከንድ ሲቀር ከ21 ያርድ መትቶ አሸነፈ። እኛ እንደምናየው ሽንፈቱ የጉልበት ማነስ ሳይሆን የእልህ ውጤት ነው። ባለፉት ሦስት ሽንፈቶች «ልባሞች አይደሉም» የተባለ ቡድን ጠንካራ መሆኑን በማይችልበት ቦታ ላይ ሊያሳይ ሞከረ።

በጨዋታው መጨረሻ ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን መሐል ሜዳ ሊተክሉ ሲሉ ግርግር ተነሳ፣ ፖሊስም የበርበሬ ጭስ ረጨ። ኮንፈረንሱ ሁለቱንም ዩኒቨርሲቲዎች 100,000 ዶላር ቀጣ።

ኮሚቴው እንዴት ይመርጣል?

ሽንፈቱ ኦሃዮ ስቴትን ከኮንፈረንሱ የዋንጫ ጨዋታ አስወጣው። ያን ጨዋታ የሚያደርጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ኦሪገን ፔን ስቴትን 45 ለ 37 አሸንፎ ወሰደው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን እዚህ ላይ በቃው ነበር፤ ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ 4 ቡድን ብቻ ነበርና። በ2024 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ሆነ።

አሥራ ሁለቱን የሚመርጥ ኮሚቴ አለ። ከኖቬምበር ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ ደረጃ ያወጣል፤ ማንን አሸነፈ፣ ማን ላይ ተሸነፈ፣ ተጋጣሚዎቹ ምን ያህል ከባድ ነበሩ የሚለውን ይመዝናል። በቪዲዮም ያያል። ከዚያ በኋላ የ2024ቱ ሕግ ጣልቃ ይገባ ነበር፦ ከኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በደረጃ የበለጡት አምስቱ በቀጥታ ይገቡ ነበር። ከእነሱም የመጀመሪያዎቹ አራቱ የአንደኛውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፉ ነበር። የቀሩት ሰባት ቦታዎች ለማንም ክፍት ነበሩ።

ይህ ሕግ የፈጠረውን ተመልከቱ። ኮሚቴው ኦሃዮ ስቴትን 6ኛ አድርጎት ነበር። ቦይዚ ስቴት 9ኛ፣ አሪዞና ስቴት 12ኛ ቢሆኑም ሻምፒዮን ስለሆኑ 3ኛና 4ኛ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ኦሃዮ ስቴት ወደ 8ኛ ወረደ። 16ኛ የነበረው ክሌምሰን ሻምፒዮን በመሆኑ ሲገባ 11ኛው አላባማ ቀረ። ትልቁ ጉዳት የደረሰው ደግሞ አንድም ጊዜ ባልተሸነፈው አንደኛው ኦሪገን ላይ ነው፤ ሽልማቱ በሩብ ፍጻሜ የ8ኛና የ9ኛን አሸናፊ ማግኘት ሆነ፣ ያም አሸናፊ በእውነተኛ ደረጃው 6ኛ የሆነው ኦሃዮ ስቴት ነበር። ዙር ያለፉት አራቱም ቡድኖች፣ ኦሪገን፣ ጆርጂያ፣ ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት፣ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ተሸነፉ። ለ2025 ሕጉ ተለውጦ ድልድሉ በቀጥታ በኮሚቴው ደረጃ እንዲሆን ተደረገ። ትክክለኛ እርማት ነው።

ሌላም ችግር ነበር፦ የተጫዋቾች ዝውውር መስኮት የተከፈተው ጥሎ ማለፉ ሊጀመር ሲል ነው። የፔን ስቴት ተቀያሪ ኳርተርባክ ቡድኑ ለዋንጫ እየተዘጋጀ እያለ ለቆ ሄደ። አሠልጣኞች በአንድ እጃቸው ለጨዋታ እየተዘጋጁ በሌላው ተጫዋች ይለምኑ ነበር።

አራት ጨዋታ

በሚሺጋንና በአንደኛው ዙር መካከል ሦስት ሳምንት አለ። የኮንፈረንሱን ዋንጫ ያላገኘ ቡድን በዚህ ጊዜ ጉዳት ያክማል፣ አዲሱ የፊት መስመርም ይዋሃዳል። ከሁሉ በላይ ግን አሠልጣኙ ራያን ዴይ እና የማጥቃት አሠልጣኙ ቺፕ ኬሊ አካሄዳቸውን ገለበጡት፦ መጀመሪያ መወርወር፣ ተከላካዮች ከመሐል ሲበተኑ መሮጥ።

ዲሴምበር 21 ቴነሲ ወደ ኮሎምበስ መጣ። በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 21 ለ 0፣ በመጨረሻ 42 ለ 17። ጃኑዋሪ 1 ሮዝ ቦል በሚባለው የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ ኦሪገንን እንደገና አገኙት። ስሚዝ በሦስተኛው እንቅስቃሴ 45 ያርድ ኳስ ተቀብሎ አስቆጠረ፤ በሁለተኛው ሩብ 34 ለ 0 ደረሰ፣ ጨዋታው 41 ለ 21 አለቀ።

የቴክሳሱ ግማሽ ፍጻሜ የተለየ ነበር። ቴክሳስ ሁለት ሦስት ሰው መድቦ ስሚዝን በ1 ኳስና በ3 ያርድ አስቀረው። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 እየመራ፣ ቴክሳስ ከመጨረሻው ክልል 1 ያርድ ላይ ደረሰ። በሁለተኛው ሙከራ በመሐል መግፋት ሲችል ኳሷን ወደ ዳር ወረወረ፤ ተከላካዮቹ ቀድመው ደርሰው 7 ያርድ ወደ ኋላ ጣሉት። በመሐል ያለው የኦሃዮ ስቴት ግድግዳ ያስፈራው ይመስላል። አራተኛው ሙከራ ላይ ጃክ ሶየር ኳርተርባኩን ኩዊን ዩወርስን ደርሶበት ኳሷን አስጣለው፣ ራሱ አንስቶ 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ሁለቱ በ2021 ኮሎምበስ ላይ አንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩ ልጆች ናቸው። 28 ለ 14።

ፍጻሜው ጃኑዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ሌሊት ነበር። ኖትር ዳም በ18 እንቅስቃሴ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ወስዶ የመጀመሪያውን ታችዳውን አገባ። ኦሃዮ ስቴት በመጀመሪያዎቹ አራት ጥቃቶቹ ሁሉ አራት ታችዳውን መለሰ፤ ሃዋርድ የመጀመሪያዎቹን 13 ኳሶች አንዲት ሳያስት አቀበለ። ሦስተኛው ሩብ ላይ 31 ለ 7 የነበረው ግን ቀስ በቀስ 31 ለ 23 ሆነ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ቀረ። ኳሷ ኦሃዮ ስቴት ጋር ናት፤ ሦስተኛ ሙከራ፣ 11 ያርድ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የተለመደው ነገር በመሐል ሮጦ ሰዓቱን ማስበላትና ኳሷን ማስረከብ ነው። ኖትር ዳም ስሚዝን ለአንድ ሰው ትቶ ሌሎቹን ወደ ፊት አስጠጋ። የፊት መስመሩ ያዘ። ሃዋርድ በቀኝ ጠርዝ ከፍ አድርጎ ለቀቃት፤ ስሚዝ ተከላካዩን ቀድሞ 56 ያርድ ላይ ተቀበላት። ሚሺጋን ላይ ሁለት የሳተው ፊልዲንግ 26 ሰከንድ ሲቀር ከ33 ያርድ መታ፣ ገባች። 34 ለ 23።